ሃያ አራት እጥፍ የሚያጎላው መነጽር ለማን ይጠቅማል?

ቶር ፒኛታራ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ሳለ አንድ ወጣት ከቦርሳው ረዘም ያለ ካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ካርቶኑ ላይ በጉልህ «6-24×50» ተብሎ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። የዒላማ መነጽር ነው፤ ሃያ አራት እጥፍ ያቀርባል!»

ጋሼ የተባሉት አዛውንት ቶር ዲ ኵንቶ ካለው የዒላማ ተኩስ ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ የማይጠፉ ሰው ናቸው። ካርቶኑን አገላብጠው አዩና «ስንት አወጣህበት?» ሲሉ ጠየቁት።

«ሦስት መቶ ሰማንያ ዩሮ።»

«ጠመንጃውስ?»

«ጠመንጃው ገና ነው። ፈቃዱን አመልክቻለሁ፤ ኩዌስቱራ መልስ እስኪሰጠኝ እየጠበቅኩ ነው።»

«እንግዲያው በቅሎው ሳይገዛ ኮርቻው ተገዝቷል በለኛ!»

ቤቱ ሳቀ። ይሁን እንጂ ነገሩ በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ሌሊቱን ማዕድ ቤት ሲያጥብ ለሚያድር ሰው 380 ዩሮ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከክፍል ኪራይ ተቆጥቦ፣ ለእናት ከሚላከው ተቀንሶ የሚወጣ ነው። እንዲህ ባለ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ለተገዛበት ሥራ የማይሆን ሲሆን ደግሞ የሚያበሳጨው የዋጋው መብዛት ሳይሆን፣ ከዋጋው በግማሽ የሚሸጠው መነጽር የተሻለ ያገለግል የነበረ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መነጽሩ ዒላማውን ከ6 እስከ 24 እጥፍ አጉልቶ እንደሚያሳይ ይናገራሉ። የመጨረሻው 50 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። ነጋዴው ካርቶኑ ላይ አግዝፎ የሚጽፈው እነዚህን ነው፤ ገዢም የሚያየው እነዚህን ነው። መነጽሩ በስንት ሜትር ርቀት ላይ በትክክል እንዲያሳይ ሆኖ እንደተሠራ ግን ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም፤ ውስጥ ካለችው ትንሽ መጽሐፍ፣ ያውም በደቃቅ ፊደል፣ ተፈልጎ ይገኛል። የዒላማ ተኳሽን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ይኸው በደቃቁ የተጻፈው ነው።

ሃያ ሁለት የሚባለው ጠመንጃ የሚተኩሳት ጥይት ትንሽ ናት። እርሳሷ 2.6 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ውፍረቷ 6 ሚሊሜትር አይሞላም። ባሩዱ የሚለኮሰው እንደ ምንሽር በቀለሁ መሐል ሳይሆን የቀለሁ ጠርዝ ሲመታ ነው። ለዒላማ የምትሠራው ዓይነት በሰከንድ ከ320 እስከ 330 ሜትር ያህል ትበርራለች፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት ዝቅ ያለ ነው። ጠመንጃው ወደ ኋላ አይረግጥም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ትልቅ ጠመንጃ ሲረግጥ እንዳይሰበር ተብሎ በውድ የሚሠራ መነጽር ለዚህ አያስፈልግም። በሃያ ሁለት የሚተኮሰውም አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሜትር ነው። ትልቅ ጠመንጃ ላይ እንዲገጠሙ የሚሠሩ መነጽሮች ግን የተስተካከሉት ባብዛኛው ለ100 ያርድ፣ ማለትም ለ91 ሜትር ነው። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

ይህን ጣጣ ባለሙያዎች ፓራላክስ ይሉታል። ታክሲ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው የፍጥነት መለኪያውን ሲያይ ቀስቷ ሌላ ቁጥር ላይ ያለች ይመስለዋል፤ ሾፌሩ ግን ፊት ለፊት ስለሚያያት 50 ላይ ናት። ቀስቷና ቁጥሩ ያሉት አንድ ገጽ ላይ ስላልሆነ፣ ዓይን ቦታ ሲቀይር ቀስቷ የምታመለክተው ቁጥርም የተቀየረ ይመስላል። በመነጽር ውስጥም እንዲሁ ነው። ለ91 ሜትር በተስተካከለ መነጽር 50 ሜትር ላይ ያለ ወረቀት ሲታይ፣ የዒላማው ምስልና የመስቀሉ መስመር አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። ተኳሹ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያሳርፍ ዓይኑ ከመሐል ትንሽ ከሸሸ፣ መስቀሉ መሐል ላይ ያረፈ መስሎት ይተኩሳል። ጥይቷ ግን ሌላ ቦታ ታርፋለች።

ስሕተቱ ምን ያህል ነው? የፊት መስታወቱ 50 ሚሊሜትር ሆኖ ለ91 ሜትር በተስተካከለ መነጽር 50 ሜትር ላይ ሲተኮስ፣ ዓይን ጠርዝ ላይ ከሆነ ስሕተቱ 11 ሚሊሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል፤ መስታወቱ 40 ከሆነ 9 ያህል። ለሜዳ አውሬ አዳኝ ይህ ምንም ማለት አይደለም። በ50 ሜትር የዓለም አቀፍ ውድድር ወረቀት ላይ ግን የ10 ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ናት፤ ከአንድ ሣንቲም ዩሮ በጣም ታንሳለች። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ክቦች እያንዳንዳቸው 8 ሚሊሜትር ይርቃሉ። ስለዚህ በአጨዋወት 10 የነበረች ጥይት ተኳሹ ምንም ሳያጠፋ 9 ሆና ትመዘገባለች። እርሱም ጠመንጃውን ይረግማል፤ ቀጥሎ ጥይቱን ይለውጣል፤ ቀጥሎም ሌላ፣ ከፊተኛው የበለጠ የሚያጎላ መነጽር ለመግዛት ይነሣል።

ለሃያ ሁለት ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ መነጽር ባብዛኛው ለ50 ያርድ፣ ማለትም ለ46 ሜትር ያህል የተስተካከለ ነው። በ40 ሚሊሜትር መስታወት 50 ሜትር ላይ የሚያሳየው ትልቁ ስሕተት 2 ሚሊሜትር አይሞላም። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ከዚህም የሚሻለው የፊተኛው ቀለበት ወይም በጎን ያለው ቁልፍ እየዞረ በሚፈለገው ርቀት የሚስተካከለው ዓይነት ነው። ዛሬ 10 ሜትር፣ ነገ 50፣ አንድ ቀን ደግሞ 100 ሜትር ለሚተኩስ ሰው ይህኛው ተመራጭ ነው።

የማጉላቱን ነገር ስንመለከት ደግሞ ሌላ የተረሳ ሒሳብ አለ። የፊት መስታወቱ ስፋት ለማጉያው ቁጥር ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። 40 ለ4 ሲካፈል 10 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ዓይን እንደ ልቡ ሆኖ ያያል። 50 ለ24 ሲካፈል ግን 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዓይን ያቺን ጠባብ ቀዳዳ ፈልጎ እስኪያገኝ አንገት ይደነዝዛል፤ ደመና በሆነ ቀን ምስሉ ይጨልማል። ከዚያም በላይ 24 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር የልብ ምትንም 24 እጥፍ ያጎላል። ጀማሪ ተኳሽ መስቀሉ ሲዘል ባየ ቁጥር ዒላማው ላይ የደረሰበትን ቅጽበት ለመያዝ ምላጩን ይመነጭቃል፤ ምላጭ መመንጨቅ ደግሞ ከማንኛውም መነጽር ጉድለት የከፋ ነው።

በአሸዋ ከረጢት ላይ ጠመንጃ አስደግፈው በ50 ሜትር የሚወዳደሩ፣ ቤንች ረስት የሚባለውን ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች 24 እና 36 እጥፍ፣ ከዚያም በላይ እንደሚጠቀሙ መካድ አይቻልም። ትክክልም ናቸው። የእነርሱ ጠመንጃ ከከረጢቱ አይነቃነቅም፤ መነጽራቸውም በርቀቱ ልክ የሚስተካከል ነው። ይህን ጨዋታ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ግን አንድ ዓመት በ12 እጥፍ ቢሠራ ምንም አይጎድልበትም።

ስለዚህ በመጠነኛ ገንዘብ ምን ይገዛ? ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ፣ 40 ሚሊሜትር፣ ለ50 ያርድ የተስተካከለ፤ ወይም አቅም ከፈቀደ ከ4 እስከ 12 የሚያጎላ፣ ርቀቱ የሚስተካከል። የመጀመሪያው ዓይነት ከ100 ዩሮ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ ሁለተኛው ከ150 እስከ 300 ባለው ውስጥ ነው። የቬሮናው ኮኑስ፣ የእንግሊዙ ሆክ፣ የአሜሪካኖቹ ቡሽኔልና ቮርቴክስ በእንዲህ ያለ ዋጋ የሚገኙ መነጽሮች አሏቸው። ብዙዎቹ ቻይና ውስጥ ይሠራሉ፤ ይህ ብቻውን ነውር አይደለም። ነውሩ ስም የሌለው፣ አድራሻ የሌለው፣ ዋስትና የሌለው ዕቃ መግዛት ነው። ፖርታ ፖርቴዜ እሑድ ገበያ በ30 ዩሮ የተገዛ መነጽር ሲበላሽ የሸጠውን ሰውዬ ማን ያገኘዋል? ከሕጋዊ ሱቅ በደረሰኝ የተገዛ አዲስ ዕቃ ግን በኤውሮፓ ኅብረት ሕግ የ2 ዓመት ዋስትና አለው፤ ደረሰኙ እንዳይጠፋ ብቻ ነው።

ሱቅ ሲገባ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፤ ባለ ሱቁ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። መነጽሩ አንድ ቦታ ላይ ሳይነቃነቅ ይደገፋል፤ ከዚያም እጅ ሳያርፍበት፣ በተቻለ መጠን በ50 ሜትር ገደማ ርቀት ያለ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ከመንገዱ ማዶ ያለ የሱቅ ጽሑፍ ይታይበታል። ራስን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች በትንሹ ማንቀሳቀስ ነው። መስቀሉ ጽሑፉ ላይ ተተክሎ ከቀረ መልካም፤ እየተንሸራተተ ከተጓዘ ለዚያ ርቀት አይሆንም። ቀጥሎም ነጭ ግድግዳ እያዩ የኋለኛውን ቀለበት በማዞር መስመሩ ለራስ ዓይን እስኪጠራ ማስተካከል ነው። መስመሩ ወፍራም ከሆነ 10 ነጥቧን ስለሚሸፍናት ቀጭኑ ይመረጣል።

ሌላው የማስተካከያው ቁልፍ ነው። ሲዞር ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው ድምፅ እያንዳንዱ፣ በብዙዎቹ መነጽሮች፣ በ50 ሜትር ላይ ጥይቷን 3.6 ሚሊሜትር ያህል ያዛውራል። ጥይቷ 36 ሚሊሜትር ዝቅ ብላ ብትመታ 10 ቀጭታ ከፍ ማድረግ ነው። ርካሽ መነጽር የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀጭ ይላል እንጂ ውስጡ አይንቀሳቀስም፤ ሦስት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ በድንገት ይዘላል። ይህን ለማወቅ አንድ ጥይት ተኩሶ 20 ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ እያሉ በየማዕዘኑ መተኮስ ነው። የመጨረሻዋ ጥይት በመጀመሪያዋ ቀዳዳ አጠገብ ካረፈች መነጽሩ ታማኝ ነው።

ቀለበቶቹን ማንም አያስባቸውም። የሃያ ሁለት ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ነው ያለው፤ የትልልቆቹ ጠመንጃዎች ቀለበት አይገጥመውም። የመነጽሩም ቱቦ አንዳንዱ 25.4፣ አንዳንዱ 30 ሚሊሜትር ነው። ይህን ሳይለኩ የገዙ ሰዎች በካቻቪቴና በፕላስተር ሲታገሉ መታየታቸው አልቀረም። የላላ ቀለበት የሺሕ ዩሮ መነጽርን የሠላሳ ዩሮ ያደርገዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መነጽሩ ጭራሽ ያስፈልጋል ወይ? በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚያጎላ መነጽር መጠቀም ክልክል ነው። ተወዳዳሪው ከኋላ ባለች ጠባብ ቀዳዳ፣ ከፊት ባለ ክብ ብቻ ያነጣጥራል። እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮማን ባስደነቀበት ኦሊምፒክ የ50 ሜትሩ ውድድር የተካሄደው በዚህችው ከተማ በኡምቤርቶ ቀዳማዊ የተኩስ ሜዳ ነበር። ተኝቶ በሚተኮሰው የጀርመኑ ፔተር ኮንከ፣ በሦስቱ አቋቋም የሶቪየቱ ቪክቶር ሻምቡርኪን አሸንፈዋል፤ ሁለቱም ያለ መነጽር። (ኡምቤርቶ ማለት የውጫሌው ውል የተፈረመበት፣ ጦሩም አድዋ ላይ ድል የሆነበት ንጉሥ መሆኑን ያስተዋለ ሐበሻ በዚያ ስም በተጠራ ሜዳ ስለ ተኩስ ሲወራ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) እንግዲህ ዓላማው ክለብ ገብቶ በእነዚህ ዓይነቶች መወዳደር የሆነ ወጣት መነጽር የሚባል ነገር መግዛት የለበትም። ዓይኑ የደከመ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ወይም አስደግፎ መተኮስ የሚወድ ሰው ግን ይግዛ።

ጠመንጃ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥም ግዴታ አይደለም። የቲሮ አ ሴኞ ናዚዮናሌ ማኅበራት ለአባሎቻቸው በሜዳው ላይ የሚተኮስበት ጠመንጃ ያከራያሉ። የራሴ ይኑረኝ ለሚል ሰው የጤና ምስክር ወረቀት፣ ከቲሮ አ ሴኞ የአያያዝ ችሎታ ማረጋገጫ፣ ከኩዌስቱራ የስፖርት ተኩስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው። ጠመንጃው በተገዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ወይም ለካራቢኔሪ መመዝገብ አለበት። ፖሊስ ሰውየው የሚታመን መሆኑን ይመረምራል፤ የቆየ የጠብ ክስ እንኳ ፈቃድ ሊያስከለክል ይችላል። አራትና አምስት ሰው በአንድ ቤት በሚኖርበት ሰፈር ደግሞ ጠመንጃን ሌላ ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ እንዳያገኘው አድርጎ ማስቀመጥ የባለቤቱ የሕግ ኃላፊነት ነው። የብረት ሣጥኑ ዋጋም ከመነጽሩ በፊት ሊታሰብ ይገባል።

መነጽሩ ለብቻው በኢጣሊያ ሕግ የጦር መሣሪያ ክፍል ተብሎ አይቆጠርም፤ ያለ ፈቃድ ይሸጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ ተነሥቶ ነው። «ካለ ፈቃድ ከተሸጠ፣ ለአጎቴ ይዤለት ብሄድ ምን አለበት? ማሳውን ከዝንጀሮ ይጠብቅበታል» የሚል ሰው ሞልቷል። አጎትየውም በስልክ ይጠይቃሉ፤ በአገር ቤት ጠመንጃ የክብር ዕቃ ነውና ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። ነገር ግን ከኤውሮፓ ኅብረት ውጭ የጠመንጃ መነጽር ይዞ መውጣት ራሱ የወጪ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ የጦር መሣሪያ ነገር የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ቦሌ ላይ ተራ የወፍ ማያ መነጽር እንኳ የተያዘበት መንገደኛ አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የጠመንጃ መነጽር በሻንጣው የተገኘበት ሰው «ለዝንጀሮ ነው» ብሎ ማንን ያሳምናል? ተቀባዩ አጎትስ መንደሩ ውስጥ ይህን ጠመንጃው ላይ ገጥሞ ሲታይ ከየትኛው ወገን ሊቆጠር ነው? ለአጎት ጋቢ መግዣ መላክ ይሻላል።

ወደዚያው ምግብ ቤት ስንመለስ፣ አዛውንቱ ካርቶኑን ከፍተው ትንሿን መጽሐፍ አወጡና ደቃቁን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ለ100 ያርድ የተስተካከለ፤ የማይለወጥ።

«የገዛኸው ከሱቅ ነው ወይስ በፖስታ አስልከህ?»

«በኢንተርኔት አዝዤ ነው፤ ሐሙስ ደረሰኝ።»

«ደግ። በርቀት የተገዛ ዕቃ ከደረሰበት ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ ምክንያትህንም አይጠይቁህም። ዐሥራ አንድ ቀን ይቀርሃል። ነገ ጻፍላቸውና ላክላቸው።»

«ከዚያስ ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?»

«አሁን ምንም አትግዛ። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሂድ፤ የክለቡን ጠመንጃ ተከራይተህ ሃምሳ ጥይት ያለ መነጽር ተኩስ። ወረቀቱን አይተን እንነጋገራለን።»

ወጣቱ ካርቶኑን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። በረካው ቀረበ።